«በዘር የሚተላለፍ» ስንል ምን ማለታችን ነው? የዝሆኔ በሽታ የጂን ጥናት ከደቡብ ጎንደር ደጋ ሲታይ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በፋርጣ፣ በእስቴ ወይም በላይ ጋይንት ገጠር የሚያገለግል የጤና ባለሙያ እግሩ ያበጠ ሰው ሲመጣለት ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው «ይህ በሽታ ከዘር ነው ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚቀርብ አይደለም። መልሱ «አዎን» ከሆነ የሕመምተኛው እኅት የሚያገባት ታጣለች፤ ጤነኛ ልጆቹም ለጋብቻ የሚፈልጋቸው አያገኙም። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ በዓይኑ ያየውን መካድ ይሆናል፤ ባለሙያውም አመኔታ ያጣል።

ይህን ጥያቄ በዘመናዊ የምርምር መሣሪያ ለመመለስ ከተሞከሩት ሥራዎች ዋነኛው ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያሳተሙት ጥናት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥናቱ ያረጋገጠውን ካላረጋገጠው ለይቶ ማሳየት፣ እንዲሁም ውጤቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚደርስበትን መዛባት መተቸት ነው።

ሁለት ዓይነት ውርስ

ከጥናቱ ተባባሪ አዘጋጆች አንዷ ሜላኒ ኒውፖርት ቀደም ሲል በሌላ ግኝት የሚታወቁ ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚሁ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በማይኮባክቴሪያ ክፉኛ የታመሙ አራት ሕፃናትን ከባልደረቦቻቸው ጋር መርምረው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ዘመዳሞች የሆኑ የማልታ ልጆች ይገኙበታል። የኢንተርፌሮን ጋማን መልእክት የሚቀበለው ፕሮቲን ከሕፃናቱ ነጭ የደም ሴሎች ገጽ ላይ አልተገኘም። ምክንያቱ በክሮሞዞም 6 ላይ ባለው ጂን የተከሰተ የአንዲት ፊደል ለውጥ ነበር። በዚያው ዓመት የዣን ሎራን ካዛኖቫ ቡድን በቢሲጂ ክትባት ተሕዋስ ተጠቅቶ በሞተ ሕፃን ላይ የዚሁ ተቀባይ ፕሮቲን ጉድለት መኖሩን አሳየ።

ይህ በእርግጥም በዘር የሚወረስ በሽታ የመከላከል ጉድለት ነው። ልጁ የተበላሸውን ቅጂ ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ይታመማል፤ አንድ ቅጂ ብቻ የያዙት ወላጆች ግን ጤነኞች ናቸው። ግኝቱ ለእኛም የቅርብ ጉዳይ ነው። በአገራችን ቢሲጂ በውልደት ስለሚሰጥ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ከክትባቱ በኋላ ወደ ሰውነት በተሠራጨ ኢንፌክሽን ሞቶ እንደሆነ ሳይጠይቁ ተከታዩን ሕፃን መከተብ አይገባም። እንዲህ ያለ ታሪክ ከተገኘ ክትባቱን አቆይቶ ሕፃኑን ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ ያሻል።

የዝሆኔው ጥናት የሚናገረው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ውርስ ነው። የጎደለ ፕሮቲን አላገኘም። ያገኘው ምልክት ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ለመከላከያ ሴሎች ከሚያሳይባቸው፣ ኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ሁለት ከሚባሉት ጂኖች አካባቢ ነው። አዘጋጆቹ ከዚህ ተነሥተው ዝሆኔ በቲ ሴሎች የሚመራ የብግነት በሽታ ሳይሆን እንደማይቀር ጠቁመዋል። የመጀመሪያው የመከላከል አቅም ጉድለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰውነት ለአፈር የሚሰጠው ምላሽ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ስሕተት የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

የጥናቱ ጥንካሬ

እዚህ ላይ የምንናገርለት ዝሆኔ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በትንኝ ከሚተላለፈው የፋይላሪያ ዝሆኔ የተለየ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ በሽታው በባዶ እግር ቀይ የእሳተ ገሞራ ሸክላ አፈር ከመርገጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ለዚህ አፈር መፈጠር የሚመቸው ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያለው ምድር ነው። የጉና ተራራ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ስለሆነ፣ በግርጌው የሚኖረው ገበሬ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ ከተመረመሩት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 4 በመቶው በበሽታው ተይዘው ተገኝተዋል።

ሆኖም አንድ እርሻ በባዶ እግር ከሚያርሱት ሰዎች መካከል የሚታመሙት ጥቂቶቹ ናቸው። የ2012ቱ ጥናት የተነሣው «ለምን እነዚህ ብቻ?» ከሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን ከ500,000 በሚበልጡ የጂን ምልክቶች አነጻጽሯል። ከሁሉም ጎልቶ የታየው ምልክት በሕሙማን ዘንድ የመገኘቱ ዕድል ከጤነኞቹ ጋር ሲነጻጸር 2.44 እጥፍ ነበር። አዘጋጆቹ በዚህ ሳይወሰኑ ውጤቱን አባት፣ እናትና ልጅ በያዙ 202 ቤተሰቦች ላይ ደግመው ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናትም በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ላይ አረጋግጦታል። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች የተሳተፉበት ይህ ሥራ፣ የገጠር ድሆችን በሽታ ከታላላቅ በሽታዎች እኩል በጥልቀት በመመርመሩ ሊመሰገን ይገባዋል።

የጥናቱ ወሰን

ትችቱ የሚጀምረው ውጤቱ ከሚሸከመው በላይ ሲጫንበት ነው።

አንደኛ፣ የኤች.ኤል.ኤ. ጂኖች ተያይዘው በአንድነት ስለሚወረሱ፣ ከመካከላቸው ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ በዚህ የጥናት ዘዴ ለመለየት ያስቸግራል። የትኛው የአፈር ቅንጣት የቲ ሴሎችን እንደሚያነሣሣም ጥናቱ አልመለሰም።

ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወላይታ ቤተሰቦች ላይ የታተመው ጥናት፣ የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው 5.07 እጥፍ መሆኑንና የውርስ ድርሻው 63 በመቶ መሆኑን ገልጾ ነበር፤ አንድ ዋና ጂን እንዳለም ገምቷል። በ2012 የተገኘው የ2.44 እጥፍ ምልክት ይህን ሁሉ ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። ወንድማማቾች የሚጋሩት ጂን ብቻ ሳይሆን እርሻና ጫማ አልባ ልጅነትም ጭምር ነው። ያው የ2007 ጥናት ራሱ የጫማ አጠቃቀም በበሽታው ላይ ጉልህ ድርሻ እንዳለው አስመዝግቧል።

ሦስተኛ፣ «63 በመቶ» የሚለው አኃዝ በተደጋጋሚ በስሕተት ይነበባል። የበሽታው 63 በመቶ ከጂን፣ ቀሪው ከአፈር ነው ማለት አይደለም። አኃዙ የሚለካው በሰዎች መካከል የሚታየውን ልዩነት ሲሆን፣ ሁሉም አፈሩን በባዶ እግር በሚረግጥበት አገር ልዩነቱ ወደ ጂን ማድላቱ አይቀርም። ሁሉም ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ ግን ጂኑ እንዳለ ሆኖ በሽታው ይጠፋል።

የቃሉ ጉዳት

ውጤቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁለት ጊዜ ይዛባል። «በዘር የሚተላለፍ በሽታ» ከተባለ፣ የማልታው ልጆች ጉድለትና የገበሬው እግር አንድ ይሆናሉ። «ተጋላጭነት» ከተባለ ደግሞ ቃሉ ለአፈር መጋለጥንም ሆነ የሰውነትን ተፈጥሮ ስለሚያመለክት ሁለቱ ይምታታሉ። ጉዳቱ የቃላት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በቢኤምሲ ሜዲካል ኤቲክስ የታተመ የዶክተር ፋሲልና የባልደረቦቻቸው ሌላ ጥናት፣ ሰዎች በጂን ምርምሩ ለመሳተፍ ሲወስኑ መገለሉ ይብስብናል የሚል ሥጋት እንደነበረባቸው አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ አደጋውን አስቀድመው አይተውታል ማለት ነው፤ ቸል የምንለው ውጤቱን በየጤና ጣቢያው የምንናገረው እኛ ነን።

የሌላው ዓለም ልምድ እዚህ ላይ ይረዳናል። የቤሪሊየም ብናኝ በሚያስከትለው የሳንባ በሽታ የሚያዙ ሠራተኞች ዘንድ አንድ የኤች.ኤል.ኤ. ዓይነት በብዛት እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ1993 ታውቋል። ይሁን እንጂ በሽታው የሚታወቀው የሥራ ቦታ በሽታ ተብሎ ነው፤ መከላከያውም ብናኙን መቀነስ ነው። ዝሆኔም ከዚህ የተለየ ስም አይገባውም፤ የሥራ ቦታው እርሻ፣ ብናኙም አፈር ነው።

ስለዚህ ለቤተሰቡ ሊሰጥ የሚገባው መልስ «አዎን»ም «አይደለም»ም አይደለም። የሚወረሰው የገላ ስሱነት ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው አፈር ነው ማለት ይቻላል። የደጋው ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በጎተራ ያለ ዘር መሬት ካልነካ እንደማይበቅል ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል።

ከሥራችን አንጻር

በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመው ጥናት፣ እግርን በመታጠብ፣ ቆዳን በመንከባከብ፣ በፋሻ በማሰርና ጫማ በማድረግ አጣዳፊው የትኩሳትና የሕመም ጥቃት በአንድ ሰው በዓመት ከ23.9 ወደ 19.4 ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከሕክምናው በኋላም ሰውየው በዓመት 19 ጊዜ ያህል ይወድቃል። እግር ካበጠ በኋላ የምንሰጠው እርዳታ ልክ አለው። የሚያዋጣው እግሩ ሳያብጥ መድረስ ነው።

የውርስ ዕውቀት ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። የጂን ምርመራ አያስፈልግም። የሕመምተኛ ካርድ ሲከፈት በቤቱ ስንት ልጆች እንዳሉ፣ ጫማ እንዳላቸውና መቼ መቼ እንደሚያደርጉት መጠየቅና መመዝገብ ይበቃል። ጫማ የማደል ዕድል ሲገኝ ለተወሰኑ ቤተሰቦች ብቻ መስጠት መገለልን ስለሚያብስ ለቀበሌው ተማሪ ሁሉ ይታደል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤት ለቤት ክትትል ግን በቅድሚያ በበሽታው የተነካው ቤት ልጆች፣ በእርሻና በጭቃ ወቅት፣ ጫማቸውን ማድረጋቸውን ይመልከት።