ናፍቆትን ለይቶ ማድመጥ

አዲስ አበባ ላይ አዲስ አልበም ሲወጣ በዚያው ዕለት ኻልዴም ይደርሳል። ኻልዴ ከቤሩት በስተደቡብ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ በባሕሩና ወደ ሳይዳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዙሪያ ያለች ሰፈር ናት። እዚህ የምንኖር ሐበሾች አብዛኞቻችን በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ስለሆንን ሙዚቃ የምንሰማው ወለል ስንወለውል፣ ልብስ ስንተኩስ፣ ማታም ጋደም ስንል ነው። አንድን አልበም እጇ በሥራ ተይዞ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማ የሰማች ሴት የትኛው ዘፈን ባዶ እንደሆነ ለማወቅ ማንም እንዲነግራት አትጠብቅም። እሑድ ዶራ ወይም ቡርጅ ሐሙድ ላይ ተሰብስበን ስንከራከር የምሰማው አስተያየት ከብዙ የሬዲዮ ፕሮግራም የጠለቀ ነው።

ይሁን እንጂ ስደት ላይ ያለ ጆሮ አንድ ፈተና አለበት። ርቀት ማንኛውንም የአገር ድምፅ ያጣፍጣል። ክራሩ ገና ሲመታ፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት እንባ ይቀድመናል። እንባው እውነት ነው፤ የዘፈኑን ጥሩነት ግን አያረጋግጥም፤ ይዘነው የመጣነው ራሳችን ልንሆን እንችላለንና። ስለዚህ አዲስ ሥራ መመዘን ለሚፈልግ አድማጭ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ዘፈኑ የሠራውንና እናንተ ይዛችሁ የመጣችሁትን ለዩ። እንዴት እንደምለይ ከታች በየተራ እገልጻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ክሊፑን ዝጉት፣ ስሙንም እርሱት

የመጀመሪያው ማድመጥ ያለ ምስል ይሁን። የላሊበላ ሕንፃ፣ የጣና ጀልባ፣ በሐበሻ ቀሚስ የተዋበች ልጅ፣ ሁሉም ዓይንን ይማርካሉ፤ ዓይን ሲማረክ ጆሮ ይዘናጋል። ክሊፑን ዘግታችሁ ስትሰሙት የሚሳሳ ዘፈን የክሊፕ ማጀቢያ እንጂ ዘፈን አይደለም።

ቀጥሎ የዘፋኙን ስም አውጡት። «ይህንኑ ዘፈን ማንም የማያውቀው ልጅ ቢዘፍነው እስከ መጨረሻው እሰማው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ቴዲ አፍሮ በ2017 ያወጣው «ኢትዮጵያ» የቢልቦርድን የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ ሲመራ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ኩራቱ ይገባን ነበር። አልበሙን ለመመዘን ግን የሰንጠረዡን ደረጃ አልጠቀምም፤ የዩቲዩብ የተመልካች ቁጥርም እንደዚያው ነው። ቁጥር ስንት ሰው እንደመጣ ይናገራል፤ ከዓመታት በኋላ ስንቱ እንደቆየ አይናገርም።

ግጥሙ ቦታውን ያውቃል ወይ?

ከዚሁ አልበም «ማር እስከ ጧፍ»ን እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ። ዘፈኑ የተነሣው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው የፍቅር ዘፈን ሰምቶ ይረካል። ያነበበ ደግሞ የባለታሪኮቹን የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን መጨረሻ ስለሚያውቅ በእያንዳንዱ ጣፋጭ ሐረግ ሥር መለያየቱን ይሰማል። ሁለቱንም አድማጭ ሳያሳፍር የሚሸኝ ግጥም ብርቅ ነው። ከቅርብ ዓመታት የዘፈን ግጥሞች በዚህ ልክ የተሳካ ብዙ አላገኘሁም።

ስለ ስደት የሚዘፈኑትን በተለይ ጠንከር አድርጌ እመዝናለሁ፤ ስለ እኛ ናቸውና። «እናቴ»፣ «አገሬ»፣ «ቀዬው»፣ «ጎጆዬ» የሚሉትን መደርደር ማንንም ያስለቅሳል፤ ባለቅኔ መሆን አይጠይቅም። የምጠቀምበት ፈተና ይህ ነው፦ ዘፈኑ ውስጥ ያለውን «ዓረብ አገር» አውጥታችሁ «አሜሪካ» ብላችሁ ተኩበት። ምንም ካልጎደለ፣ ገጣሚው ሁለቱንም አያውቃቸውም። የሚያውቅ ሰው የተከለከለ ስልክን፣ የዘገየ ደመወዝን፣ ያሳደገችው የሰው ልጅ አቅፎ ሲስማት የራሷ ልጅ ግን በስልክ የሚያፍራት እናትን ይጽፋል። ዝርዝሩ ሲገባ ዘፈኑ የሁላችንም ይሆናል።

ሌላው መመዘኛ ቤት መምቻው ነው። የስንኞቹን መጨረሻ ብቻ ለይታችሁ አድምጡ። ቃሉ የገባው ቤት እንዲመታ ብቻ ከሆነ ይታወቃል፤ ሐሳቡ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቃሉ ወደ ግራ ይጎትተዋል። ጥሩ ገጣሚ ቤቱን የሚመታው ሐሳቡ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው።

ዜማው ያለ ቃል ይቆማል?

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች በአምስት አምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። አምስት ድምፅ ብቻ ይዞ አዲስ መንገድ ማግኘት ከባድ ነው፤ የዜማ ደራሲ የሚለካውም እዚህ ላይ ነው። በትዝታ ቅኝት የተሠራ ዘፈን ሲሆን ሚዛኑን አጥብቁት። ቅኝቱ በራሱ ሆድ ያባባል፤ ደራሲው ምንም ሳይደክም የቅኝቱን ዋጋ ሊወስድ ይችላል። ጥያቄው በቅኝቱ ላይ ምን ጨመረ የሚለው ነው። አዝማቹ ስንኙ ወዳልሄደበት ከፍታ ይወጣል ወይስ ያንኑ ይደግማል?

ፈተናው ቀላል ነው፤ ሰምታችሁ ተኙ፣ ጠዋት ያለ ቃል አንጎራጉሩት። ዜማው ከመጣላችሁ ቆሟል፤ ቃሉ ብቻ ከመጣ ዜማው ቃሉን ተደግፎ ነበር።

በባላገሩ አይዶል አሸናፊነቱ የታወቀው ዳዊት ጽጌ በ2020 ያወጣው «የኔ ዜማ» ይህን ፈተና በደንብ ያልፋል። ዜማዎቹ አይቸኩሉም፤ ለድምፁ የሚተነፍስበት ቦታ ይሰጡታል። የምነቅፈው ነገር ቢኖር የቀደሙት ታላላቆች ጥላ አንዳንድ ቦታ ላይ ከበድ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ልጅ ከጥላው ወጥቶ የሚያስደነግጠን ሥራ እጠብቃለሁ።

ድምፁን ማሽን በልቶታል?

የአማርኛ ዘፈን ጣዕም በቅላፄ ላይ ነው። ዘፋኙ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር በመካከላቸው ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይመለሳል። ድምፅ የሚያርመው አውቶቲዩን የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ የሚንሸራተተውን ሁሉ በአቅራቢያው ወዳለው የተወሰነ ድምፅ ይጎትተዋል። ስለዚህ በከፍተኛ መጠን የተጫነበት አማርኛ ዘፈን ስህተቱ ብቻ ሳይሆን ቅላፄውም አብሮ ይታረማል፤ ይላጫል። አዲስ ዘፈን ስትሰሙ የቃሉን መጨረሻ ተከታተሉ። ሁሉም መጨረሻ ቀጥ ብሎ እንደ ደረጃ ከተቆረጠ፣ የሰማችሁት የዘፋኙን ድምፅ አይደለም።

ለዚህ መለኪያዬ አስቴር አወቀ ናት። ጎንደር ተወልዳ አሜሪካ ረጅም ዘመን የኖረችው አስቴር በ2019 «ጨዋ»ን ስታወጣ ከመጀመሪያ ሥራዎቿ በኋላ አሥርተ ዓመታት አልፈው ነበር። ድምፅ ከዕድሜ ጋር ይለወጣል፤ የእርሷ ታላቅነት ለውጡን አለመደበቋ ነው። ትንፋሿ ይሰማል፤ ድሮ በጉልበት ትወጣው የነበረውን አሁን በብልሃት ትወጣዋለች። ወጣት ዘፋኞች ከዚህ አልበም ሊማሩት የሚገባው ነገር ብዙ ነው።

ቅንብሩ ምን ተወ?

አድማጭ አቀናባሪን የሚያመሰግነው በጨመረው ነው፤ ዋናው ችሎታ ግን በተወው ይታያል። በ2019 ያረፈው ኤልያስ መልካ ለዚህ አስተማሪ ነው። እዮብ መኮንን በ2007 ያወጣው «እንደ ቃል» ላይ የሠራውን ቤዝ ብቻ ለይታችሁ ተከታተሉት። ሬጌው ለድምፁ ሰፊ ሜዳ ይከፍታል፤ ማንም መሣሪያ በዘፋኙ ቃል ላይ አይወጣም። እዮብ በ2013 በለጋነቱ ተለየን፤ አልበሙ ግን ዛሬም አዲስ ከወጡት ብዙዎቹ ይልቅ አዲስ ነው። በአንጻሩ በኮምፒውተር የተሞላው የዛሬ ቅንብር ብዙ ጊዜ ቅመም እንደበዛበት ወጥ ነው፤ ሁሉም አለበት፣ የቱም አይለይም።

ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። ሮፍናን በ2018 «ነፀብራቅ»ን ሲያወጣ የዳንስ ቤት ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአገር ምት ጋር አገናኝቶ፣ ማሽን በሚያውቅ ሰው እጅ የራሳችን መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። በ2022 ከዩኒቨርሳል ሚውዚክ ግሩፕ ጋር የተፈራረመው ያለ ምክንያት አይደለም። የማከብርለት ድምፆቹን ከመደረቱ በፊት ምቱን ማሰቡን ነው። ድምፁን ከፍ ሳያደርጉ በተራ የጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙትም ምቱ አይጠፋም።

ሮክን በተመለከተ ጃኖ ባንድን ሳላነሣ አላልፍም። በ2012 የወጣውን «ኤርታሌ»ን ፕሮዲዩስ ያደረገው፣ የድምፃዊቷን የጂጂን የ2001 አልበም የሠራው ቢል ላስዌል ነው። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ከፊት ሆነው የሚዘፍኑበት፣ ጊታሩ የሚጮኽበት የአማርኛ ሙዚቃ ድፍረት ነበር። በእኔ ፍርድ ጃኖዎች የሚሳካላቸው ጊታሩ የማሲንቆን ሥራ ሲሠራ፣ ማለትም ዘፋኙን ሲከተል፣ ሲመልስለትና ሲያባብለው ነው። ጊታሩ የፈረንጅ ሮክ ለመምሰል ብቻ ሲጮኽ ዘፈኑ ከሁለቱም ወገን ይቀራል። የቤሩቱ ባንድ ማሽሩዕ ለይላ አባላት ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ መልሰውታል። በ2008 በቤሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተሰባስበው እስከ 2022 በቆዩባቸው ዓመታት በሮክ ውስጥ የመሪ ጊታርን ቦታ ለሃይግ ፓፓዚያን ቫዮሊን ሰጥተው ነበር። ማሲንቆ ያለን ሰዎች ይህን በጥሞና ልንሰማው ይገባል።

አልበም ነው ወይስ የነጠላ ዘፈኖች ክምር?

ቲክቶክ ዘፈንን ወደ ጥቂት ሴኮንድ አሳጥሮታል፤ አንዳንዱ ሥራ የሚጻፈውም ለእነዚያ ሴኮንዶች ይመስላል። አልበም የሚመዘነው ግን በአካሄዱ ነው። ጎሳዬ ተስፋዬ ከረጅም ዝምታ በኋላ በ2019 ያወጣውን «ሲያምሽ ያመኛል»ን ሳልዘል የምሰማው አንዱ ዘፈን ለቀጣዩ ስሜት ስለሚያዘጋጅ ነው። አዲስ አልበም ሲደርሳችሁ ቅደም ተከተሉን ሳትቀይሩ አንድ ጊዜ ስሙት። መካከሉ ላይ እጃችሁ ወደ ስልኩ ከሄደ የሄደበትን ቦታ አስታውሱ፤ ሁለተኛ ጊዜም እዚያው ላይ ከሄደ ድካሙ የአልበሙ ነው።

የማትናፍቁትን ሙዚቃ ስሙ

ጆሮን ከናፍቆት የሚያላቅቅ ምርጥ ልምምድ የማትናፍቁትን አገር ሙዚቃ መስማት ነው። ሊባኖስ ውስጥ ጠዋት የዘፋኟ የፋይሩዝ ነው፤ ሬዲዮ በተከፈተበት ወጥ ቤት ሁሉ እርሷ አለች። የሊባኖስን ተራራና መንደር አልናፍቅም። ሆኖም በ2025 ያረፈው ልጇ ዚያድ ራሕባኒ ያቀናበረላትን ስሰማ እጄ ሥራውን ይተዋል። ናፍቆት ስለሌለኝ ያስቆመኝ ሥራው ብቻ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛው ስመለስ ጆሮዬ የሚፈልገውን ያውቃል።

ለተቃራኒውም ማስረጃ አለን። አምሃ እሸቴ በ1969 የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 የማኅሙድ አሕመድን፣ የአለማየሁ እሸቴን፣ የሙላቱ አስታጥቄንና የሌሎችን ሥራ በሸክላ አሳተመ፤ ከሸክላዎቹ ከፊሎቹ የታተሙት እዚሁ ሊባኖስ ነው። ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች የዚያን ዘመን ሙዚቃ ለዓለም ሲያወጣ፣ አዲስ አበባን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ አማርኛም የማይሰማ ሰው ወደደው። ያ አድማጭ የሚናፍቀው አገር አልነበረውም፤ ዜማው፣ ድምፁና ቅንብሩ ግን በቁት። ከዛሬዎቹ የትኛው እንዲህ ይቆማል ብትሉኝ «እንደ ቃል»ን ቀድሜ እጠራለሁ፤ «ነፀብራቅ»ን አስከትላለሁ፤ «ጨዋ»ን ደግሞ ስለ ድምፁ ብቻ እንኳ አስቀምጣለሁ።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ አዲስ አልበም ሲወጣ ከተለጠፈ ቅጂ ሳይሆን ከዘፋኙ ከራሱ ገጽ ስሙት፤ ልፋቱ ዋጋ ያግኝ። እሑድ ስንገናኝም «ያስለቅሳል» ብላችሁ አትለፉ፤ የትኛው ስንኝ፣ የትኛው ዜማ፣ የትኛው የድምፅ መታጠፊያ እንዳስለቀሳችሁ ተናገሩ። ምክንያቱን የሚነግረው አድማጭ ያለው ዘፋኝ ደካማ ሥራ ይዞ ለመምጣት ያፍራል።