ለሚመጣው ሰው የሚነደፍ ከተማ

የከተማ ፕላን ሥራ ከቁጥር ይነሣል። ከተማው ስንት ነዋሪ አለው፣ በየዓመቱ በስንት በመቶ ያድጋል፣ ከ10 ዓመት በኋላ የት ይደርሳል? የመኖሪያው ሄክታር፣ የትምህርት ቤቱ ብዛት፣ የውኃው መጠን ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይመዘዛል። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ዕድሜ ያለው ሕጋዊ ሰነድ ነው። መነሻው ከተሳሳተ ስሕተቱም አሥር ዓመት ይኖራል። በምዕራብ ጎጃም ከተሞች ስሠራ ያየሁት ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። የምንቆጥረው የቀበሌ መታወቂያ ያለውን ሰው ነው፤ ከተማውን የሚሞላው ግን ገና እየመጣ ያለውም ጭምር ነው።

ሽንዲን ልውሰድ። የወምበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወምበርማ በቆሎና በርበሬ በገፍ የሚያመርት አገር በመሆኑ በገበያ ቀን ከየገጠር ቀበሌው ሰው ይጎርፋል። አብዛኛው በእግሩ ይመጣል፤ ልጅ ያዘለች ሴት ዶሮና እንቁላል ይዛ፣ ገበሬው የተጫነች አህያ እየነዳ፣ የቀረው በጋሪ። የዚያን ቀን ከተማዋ የምታስተናግደው ሕዝብ በፕላኑ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። ስለሌለም የሚጠጣው ውኃ፣ የሚጸዳዳበት ቦታ፣ አህያውን የሚያስርበት ጥላ፣ በክረምት እህሉን የሚያወርድበት ከጭቃ የራቀ መሬት አልተያዘለትም። በካርታው ላይ ገበያው አንድ ቀለም የተቀባ ቦታ ሆኖ ይቀራል። ጉሊት የሚይዙት ሴቶች የት እንደሚቀመጡ፣ የከብት ተራው ጎርፍ ወዴት እንደሚወርድ የሚወስን ዝርዝር ንድፍ እምብዛም አይሠራም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ጉሊት ቸርቻሪዋ ሰው ወደሚያልፍበት አስፋልት ዳር ትወጣለች፣ ደንብ አስከባሪ ያባርራታል፣ በማግሥቱ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሕገ ወጥ ያደረጋት ቦታ ያልሰጣት ፕላን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡኝ የገጠር ተማሪዎች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ከወላጆቻቸው ተለይተው ወደ ሽንዲ፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ይመጣሉ። ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ሄደው እንጀራ፣ ሽሮና በሶ ይዘው ይመለሳሉ። ክፍሏ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ቤት ጀርባ የተቀጠለች የጭቃ ሰርቪስ ናት፤ መስኮት የላትም ወይም አንዲት ጠባብ መስኮት አለቻት፣ ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው፣ ውኃው ከቦኖ ይቀዳል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከፈረቃ ትምህርት ስትወጣ መሽቶባት፣ መብራት በሌለው መንገድ አልፋ፣ ጀሪካን ይዛ ወረፋ ትጠብቃለች። እነዚህ ልጆች በከተማው የነዋሪነት መዝገብ ላይ የሉም፤ የተመዘገቡት በአባታቸው ቤተሰብ፣ በገጠሩ ቀበሌ ነው። ለዲዛይነር ግን ሥራው ግልጽ ነው። የመንገድ መብራት በጀቱ ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ የሚበራው ከትምህርት ቤቱ ወደ ኪራይ ሰፈሮቹ የሚወስደው መንገድ ይሁን። ቦኖው ከዚያው መንገድ ላይ ይተከል። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ለሴት ተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን ቦታ አሁን፣ መሬቱ ገና ባዶ ሳለ ይከለል። ለሰርቪስ ቤት የሚሰጠው የግንባታ ፈቃድም መስኮትና በቅርብ የሚገኝ ሽንት ቤት ይጠይቅ።

ቡሬ ሌላ ዓይነት መጪ አላት። የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩና በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ሥራ ፈላጊውን ይስባሉ፤ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድም ከዚያው ይገነጠላል። ከወለጋና ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በምዕራብ ጎጃም ከተሞች ተጠግተዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ደግሞ ቤተሰቦችን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው አንከራትቷል። የተፈናቀለን ሰው «ይመለሳል» እያሉ ከፕላን ውጪ ማቆየት ለእሱም ለከተማውም በደል ነው። ተመልሶ ቢሄድ እንኳ የተዘረጋለት ቧንቧና የተሠራለት ትምህርት ክፍል ለሚቀጥለው መጪ ይሆናል።

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የአገሪቱ የከተማ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2012 ከነበረበት 15.2 ሚሊዮን በ2037 ወደ 42.3 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተንብዮ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው አዲስ አበባ አይገባም። ሽንዲን የመሰሉ ከተሞች ድርሻቸውን ይቀበላሉ። ይህን ዕድገት ቀድሞ ለመያዝ በአገራችን ከተሞከሩት ሥራዎች የማከብረው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ሽሎሞ ኤንጀልና ባልደረቦቹ ከከተማ ልማት ሚኒስቴር ጋር ሆነው በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በአዳማና በመቀሌ የጀመሩትን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቤት ከመሠራቱ በፊት ሰፋፊ ዋና መንገዶችን አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እያራራቁ በማስፋፊያው መሬት ላይ መያዝ። መንገዱ ባይነጠፍም ችካሉ ከተተከለና ቦታው ከተጠበቀ ከተማው በኋላ ቤት አያፈርስም።

እኔ የምጨምርበት አንድ ነገር አለ። የእነዚህ መንገዶች ፍርግርግ የሚያርፍበት እርሻ ባዶ ወረቀት አይደለም። ሰው ከመንደሩ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮ የሚሄድባቸው የእግር መንገዶች አሉበት። በሳተላይት ምስል ላይ በአረንጓዴው መካከል እንደ ነጭ ክር ተዘርግተው ይታያሉ። አብዛኞቹ አግድም የሚያቋርጡ፣ አቀበቱን አይተው የታጠፉ፣ ጅረቱን በሚሻገሩበት መልካ የተሰበሰቡ ናቸው። ቀያሹ ይህን ሳያይ 200 ካሬ ሜትር እየቆረጠ ለመኖሪያ ቤት ማኅበራት ሲያከፋፍል መንገዱ በአንዱ ሰው ግቢ ውስጥ ይገባና በአጥር ይዘጋል። ሸክም የያዘው ሰው ዙሪያውን ይዞራል። አረጋዊውና ምርኩዝ የያዘው ግን ዙረቱን አይችሉትም፤ ከቤታቸው ይውላሉ። ስለዚህ አዲስ ማስፋፊያ ስሠራ የመጀመሪያው ንብርብር ላይ የማስቀምጠው እነዚያን ክሮች ነው። ሁሉንም ማዳን አይቻልም፤ ወደ ገበያና ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዱትን ሦስት አራቱን ግን ስፋት ጨምሬ፣ ዛፍ አስተክዬ፣ የእግረኛ መንገድ አድርጌ አስቀራቸዋለሁ። ዋናው መንገድ በእነሱ ላይ ቢታጠፍ ይታጠፍ።

አሁን ወደ አስፋልቱ ዳር እንምጣ። በከተሞቻችን ዋና መንገድ ጎን በድንጋይ የተገነባ የፍሳሽ መውረጃ (ዲች) አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሱቆቹ ይደረደራሉ። የጎጃም ክረምት ከባድ ነው፤ ዲቹም ቶሎ በደለል ይሞላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለ ሱቅ ጎርፍ እንዳይገባበት ወለሉን ያነሣል፣ በዲቹ ላይም የራሱን ኮንክሪት ይጥላል። አንዱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጎረቤቱ 45፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ጣውላ። በዊልቸር የሚሄድ ሰው በዚያ ላይ ማለፍ አይችልም፤ ዓይነ ስውሩም ዘንጉ ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ከባጃጅና ከአይሱዙ ጋር አስፋልቱን ይጋራሉ።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ካዘዘ ቆይቷል፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ችግሩ ሕጉን በመሬት ላይ የምናስበው ዘግይተን መሆኑ ነው። በሰላም የሚወጣ ራምፕ 12 ሜትር ሄዶ 1 ሜትር ይነሣል። የቢሮው ወለል ከመንገዱ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ራምፑ 7 ሜትር ከ20 ይፈልጋል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ በሩ ላይ የቀረው ሁለት ሜትር ሲሆን ግንበኛው በዚያችው ሁለት ሜትር ጨርሶ ያወጣዋል፤ ተሠራ ይባላል፣ ዊልቸር ግን አይወጣበትም። መፍትሔው መሐንዲሱ ዜሮ ብሎ የሚይዘው የወለል ከፍታ ላይ ነው። ዲቹ ከሥር ተከድኖ፣ የእግረኛው መንገድ በላዩ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ከፍታ ተዘርግቶ፣ የእያንዳንዱ ሕንፃ ወለል ከዚያ ጋር ተነጻጽሮ በግንባታ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ኮብል ስቶን በሚነጠፍባቸው የውስጥ መንገዶችም አንድ ሜትር ያህል ለስላሳ ንጣፍ ቢተው ዊልቸርም የሕፃን ጋሪም ያልፍበታል። ኮብሉ ለብዙ ወጣቶችና ሴቶች እንጀራ ሆኗልና ይቅር አልልም።

ስለ ገበሬው ሳልናገር አላልፍም። ከተማ ሲሰፋ መሬቱ የሚወሰድበት ሰው ከቦታው ሳይነቃነቅ ከተማው ራሱ የሚመጣበት ነው። በቀድሞው ሕግ የመፈናቀያ ካሳው የዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ለማያገኘው ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። ገንዘቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማረስ ብቻ የሚያውቅ ሰው ብሩን ይዞ ከከተማው ጫፍ ወደ ሌላ ጫፍ ሲገፋ ጥቂት ቆይቶ የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ ይገኛል። በእኔ እምነት ለእነዚህ ቤተሰቦች የሚሰጠው ምትክ ቦታ በዋናው መንገድ ላይ፣ ሱቅ ሊከፈትበት በሚችል ጥግ መሆን አለበት። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ አብሮ አለ፤ የካሳው ክፍያና የምትክ ቦታው ካርታም በሁለቱ ስም ይውጣ።

የከተማ ፕላን አዋጁ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ይፈልጋል። ስብሰባው በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ፣ በሥራ ቀን ሲጠራ የሚመጡት የአገር ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች ናቸው። በገበያ ቀን፣ በገበያው ዳር ይጠራ። የ1 ለ2000 ካርታ ማንበብ የማይችለው ገበሬ ችካልና ገመድ ያነባል። መንገዱ የሚያልፍበት በኖራ ይሰመርና ሰው በላዩ ይሂድበት፤ የት ጎርፍ እንደሚተኛ፣ የትኛው መልካ ነሐሴ ላይ እንደማይሻገሩት በቦታው ይነግሩናል። ለአማካሪ በሚሰጠው የሥራ ዝርዝር ላይም የሕዝብ ቆጠራው በተራ ቀን፣ በገበያ ቀንና ትምህርት በተከፈተበት ወር ተለይቶ እንዲደረግ፣ ኪራይ ቤቶችም በክፍል እንዲቆጠሩ ይጻፍ። ለዚህ ሥራ ጥቂት ቆጣሪ ወጣቶችና የሁለት ሳምንት አበል ይበቃል፤ ሽንዲ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሞልተዋል።