ከሣጥኑ የሚያንሰው የቆቦ ዶፍ

ስልካችሁ ላይ «ቆቦ፦ ከሰዓት ዝናብ» የሚለው ትንበያ ከቁጥራዊ ሞዴል የወጣ ነው። ኮምፒውተሩ ከባቢ አየርን በሣጥን ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ በፊዚክስ ቀመር ያሰላል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሶማሌላንድን እንደመታው እንደ ሳጋር ያሉ አውሎ ነፋሶች ብዙ ሣጥኖችን ስለሚሸፍኑ፣ መንገዳቸውን ቀድሞ መገመት ይቻላል።

የቆቦ ነጎድጓድ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በታዋቂው የአውሮፓ ሞዴል የአንዱ ሣጥን ጎን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የነጎድጓድ ደመና እዚያው ውስጥ ተወልዶ ሊሞት ይችላል። ሞዴሉ ደመናውን አያየውም፤ ውጤቱን በግምት ይተካል እንጂ። የዞብል ተራሮችም በሣጥኑ አማካይ ከፍታ ተደፍጥጠው ነው የሚገቡት።

ጣጣው ለገበሬው ይተርፋል። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ተራራ ላይ የዘነበው በሆርማት ወንዝ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። በቦይ ከተጠለፈ ማሽላ ያጠጣል፤ ካመለጠ ማሳ ይጠርጋል።

ታዲያ ሣጥኑን ማሳነስ ነዋ? ጎኑ 3 ኪሎ ሜትር ይሁን ብንል፣ ሣጥኖቹ 9 እጥፍ፣ የጊዜ እርምጃዎቹ 3 እጥፍ ይበዛሉ፤ ስሌቱ 27 እጥፍ! ለራያ አካባቢ ብቻ ከሆነ ግን ይቻላል፤ ውጤቱን የምናመሳክርበት የዝናብ መለኪያ ተራራው ላይ ካለ።

ትልቁ ቅሬታዬ በሞዴሉ ሳይሆን በአቀራረቡ ላይ ነው። አንዲት የደመና ሥዕል ለቆቦ ገበሬ ምን ትነግረዋለች? «ዛሬ ከሆርማት በላይ ከባድ ዝናብ የመጣል ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ቢባል፣ ቦዩን ለመጥረግ ይወስናል።