ዘሩ የማን ነው? ስለ አንድ የቆየ የምርምር ጽሑፍ

እንደሚታወቀው፣ በክፍል ውስጥ የሳይንስ ትምህርት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ውጤቱ ብቻ ነው። «ሊቃውንት ደርሰውበታል» ይባላል፤ ተማሪው ይገለብጣል። እንዴት እንደ ደረሱበት ግን አይነገረውም። ስለዚህ ዛሬ የምንገመግመው ማስረጃውን ያልሸሸገ ጽሑፍ ነው። ይኸውም ፍራንሲስ ኦሊቨርና ዱኪንፊልድ ስኮት የተባሉ እንግሊዛውያን የዕፀዋት ተመራማሪዎች በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1904 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ያቀረቡት ነው።

በቅድሚያ ድንጋዩን እንወቅ። በላንካሺርና በዮርክሺር የከሰል ማዕድን ውስጥ ድቡልቡል ድንጋዮች ይገኙ ነበር። ከ310 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በረግረግ የወደቀ ቅጠል፣ ግንድና ዘር ገና ሳይጨፈለቅ የካልሲየምና የማግኒዚየም ካርቦኔት ሞላው። በዙሪያው ያለው ተጨፍልቆ ከሰል ሲሆን፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለው የሕዋሱ ግድግዳ ሳይቀር ተጠበቀ። ድንጋዩ በመጋዝ ተቆርጦ፣ ስሱ ቁራጭ በመስተዋት ላይ ተለጥፎ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ከተፋቀ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል።

በነዚህ ድንጋዮች ውስጥ ሊጂኖዴንድሮን (ዛሬ ሊጂኖፕተሪስ) የተባለው ተክል በብዛት ይታይ ነበር። ቅጠሉ ፈርን ይመስላል፤ ፈርን ደግሞ ዘር የለውም። በአንጻሩ ላጌኖስቶማ የተባለ፣ ርዝመቱ ከ6 ሚሊሜትር የማይበልጥ ዘር ለብቻው ተገኘ። ኦሊቨርና ስኮት ዘሩን ያቀፈውን ጽዋ መሰል ሽፋን ሲመረምሩ አጭር እግርና ክብ ራስ ያላቸውን ጥቃቅን ዕጢዎች አዩ። እንዲህ ያሉት ዕጢዎች በሊጂኖዴንድሮን ግንድና ቅጠል ላይም አሉ። ከዚህም በመነሣት ዘሩ የዚሁ ተክል ነው ሲሉ ደመደሙ። ዘር ያላቸው ፈርን መሰል ዕፀዋት ራሳቸውን የቻሉ ወገን ሆነው የታወቁትም በዚህ ምክንያት ነው።

የጽሑፉ ትልቁ ብርታት ሐቀኝነቱ ነው። ዘሩ ለዚህ ተክል የተሰጠበት ማስረጃ እንደሚዘረዘር ገና በርእሱ ላይ ተገልጿል። ሆኖም ድክመት የለውም አንልም። አንደኛ፣ ዘሩ ከተክሉ ጋር ተያይዞ አልታየም። «እንዲህ ያለ ዕጢ ያለው ሌላ ተክል አናውቅም» የሚል ክርክር ነገ በሚሰነጠቅ ሌላ ድንጋይ ሊናጋ ይችላል። በዚያው ጊዜ ሮበርት ኪድስተን በሌላ ተክል፣ በኒውሮፕተሪስ፣ ላይ ዘርና ቅጠል ተያይዘው ማግኘቱ ሐሳቡን አጠናክሯል። ነገር ግን ይህ ፈርን መሰል ተክል ዘር ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል እንጂ ያኛው ዘር የሊጂኖዴንድሮን ስለ መሆኑ ምስክር አይሆንም። ሁለተኛ፣ መጋዙ ያለፈበት ክፍል ዱቄት ሆኖ ይጠፋል። በመሆኑም በየመጽሐፉ የምናየው የዘሩ ሙሉ ሥዕል ማንም በአንድ ጊዜ ያየው ሳይሆን ከብዙ ቁራጮች የተገነባ ነው። ማረጋገጫ ነው ሳይሆን አሳማኝ ማስረጃ ነው ብንል ፍርዳችን ትክክል ይመስለናል።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ወቅት ለዕጩ መምህራን «ይህ ተክል ዘር እንደነበረው በምን ታወቀ?» የሚል ጥያቄ አቅርበን ነበር። አብዛኞቹ «በመጽሐፉ ስለ ተጻፈ» ብለው መለሱ። ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም፤ ያስተማርናቸው እኛ ነን። እነርሱም ነገ በየትምህርት ቤቱ ያንኑ ይደግማሉ።

እንዲህ ያለ ድንጋይ በእጃችን ባይኖርም ቲማቲምና ቃሪያ አናጣም። የሁለቱን ግንድ፣ ቅጠልና በፍሬው አናት ላይ ያለውን አረንጓዴ ሽፋን ቆራርጠን እናደባልቅ። ተማሪዎች በአጉሊ መነጽር ወይም በማይክሮስኮፕ ጸጉሩንና ዕጢውን እያዩ የትኛው የማን እንደ ሆነ ይለዩ፤ ምክንያታቸውንም ይጻፉ። የቲማቲሙ ዕጢ በግንዱም፣ በቅጠሉም፣ በሽፋኑም ላይ ስለሚገኝ በቀላሉ ይደርሱበታል። በመጨረሻ ሳንናገር የድንች ቅጠል እንጨምር። እርሱም ዕጢ ስላለው ድምዳሜያቸው ይነቃነቃል። በዚያች ሰዓት የኦሊቨርንና የስኮትን ጽሑፍ ብርታትም ድክመትም ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ ይረዱታል ብለን እናምናለን።