ወቅቱን ያልጠበቀው ማን ነው?

አንዳንድ ቃላት ዜና ቤት ተወልደው እዚያው ያረጃሉ። ገበሬው አይናገራቸውም፤ በየዓመቱ ግን ስለ እርሱ ይነገሩበታል። «ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ» አንዱ ነው። «ድንገተኛ ጎርፍ» ሌላው። ሁለቱም ክረምቱ ከበረታ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ በራዲዮና በቴሌቪዥን ብቅ ማለታቸው አይቀርም። እንደ አደይ አበባ ጊዜያቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ወቅቱን የማይጠብቅ ዝናብ አለ ይባላል እንጂ ወቅቱን የማይጠብቅ ዜና የለም እኮ!

ዛሬ ማማት የፈለግሁት እነዚህን ሁለት ቃላት ነው። ምን አደረጉህ? ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ «ድንገተኛ» የተባለ አደጋ ተጠያቂ የሌለው መሆኑ ነው። ሰማዩን አይከሱት፤ ደመናውን አይገመግሙት።

እኔ የጋይንት ሰው ነኝ። ንፋስ መውጫን የሚያውቅ ሰው ስሟ በከንቱ እንዳልወጣላት ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በወረታ–ወልዲያ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ጋቢውን ጠበቅ የሚያደርግባት ከተማ ናት። አካባቢው የውሃ ጣሪያ ነው። በላዩ የሚወርደው ዝናብ ከፊሉ ወደ ተከዜ ይሄዳል፤ በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል ያለው በበሽሎ አድርጎ አባይ ይገባል። በምዕራብ በኩል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ጉና ደግሞ ርብንና ጉማራን ወልዶ በፎገራ ሜዳ አሻግሮ ወደ ጣና ይሰዳቸዋል።

ታዲያ የጉና ውሃ ባዶ እጁን አይሄድም። ከፋርጣና ከእስቴ ተዳፋት ማሳዎች አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል፤ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። የወንዙ ወለል በየክረምቱ ከፍ እያለ፣ ቦዩ እየጠበበ ይሄዳል። አንድ ቀን ከላይ ጠንከር ያለ ዝናብ ሲወርድ ርብ ዳርቻውን ጥሶ ጎጆ ይገባል። ጎርፉ የመጣው በአንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል፤ የወንዙ ወለል እስኪሞላ ግን ስንት ክረምት አልፏል! ይህን ነው እንግዲህ «ድንገተኛ» የምንለው።

ቃሉ ፈጽሞ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በሐምሌ 1998 ማብቂያ ላይ ድሬዳዋን በሌሊት የመታውና ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ በእርግጥ ድንገተኛ ነበር። በዚያው ክረምት ግን የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ሰው በአስር ሺዎች ሲፈናቀል ሐይቁም ወንዞቹም የሞሉት ቀን በቀን፣ ዓይን እያየ ነው። በ2012 ክረምትና በ2013 መባቻም ያው ሜዳ እንደገና ውሃ ተኛበት። ዜናው ግን ያንኑ ቃል ይዞ መጣ። ተመላልሶ የሚመጣ እንግዳ እንዴት ሁልጊዜ «ድንገት ደረሰ» ይባላል?

የሐይቁ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጣና በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል። ልዩነቱ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ጥቂት ይመስላል። እንደ ጠረጴዛ በተዘረጋ ዳርቻ ላይ ግን የአንድ ሜትር ልዩነት ሩቅ ያስኬዳል። ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት የአካባቢው ሰው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ ተከትሎት ወርዶ ያርሰዋል። ሲመለስ ደግሞ ይለቅለታል። አባትየው ያወቀው፣ ልጁ የተማረው የሐይቅ ባሕርይ ነበር።

በ1988 የጨረጨራ ግድብ በሐይቁ መውጫ ላይ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ጣና ከዝናቡ ሌላ የመዝጊያ ቁልፍም ያዝዘው ጀመር። በ1995 ዝናብ ማነሱም ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውሃም ተደራርበው ሐይቁ ክፉኛ ወረደ፤ መርከቦቹ እንኳ የሚንሳፈፉበት ጥልቀት አጡ። ገበሬውም እንደ ልማዱ የሸሸውን ውሃ ተከትሎ ወረደ፤ ማሳ ያዘ። በ1998 ሐይቁ ሲመለስ ቤቱ ሰው ገብቶበት አገኘ። «የጣና ውሃ ከመጠን በላይ ጨመረ» ብለን ዘገብን። በ2002 የጣና በለስ ማመንጫ ከተመረቀ ጀምሮ ደግሞ ውሃው ሌላም መውጫ አግኝቷል። መዝጊያው መቼ እንደሚከፈት፣ ውሃው እስከ የት ሊመለስ እንደሚችል ለባሕር ሸሹ ገበሬ በቋንቋው የሚነግረው ማን ነው? ምልክት የሚሆን ድንጋይ እንኳ ቢተከልለት ምን ነበረበት?

ወደ «ወቅቱን ያልጠበቀው» ልመለስ። በእኛ አቆጣጠር ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው። ሰማይ ግን ፊርማ የለበትም። በ2012 ጥቅምትና ኅዳር የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው ሞቆ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ በቀጣዩ ግንቦት የቪክቶሪያ ሐይቅ ክብረ ወሰን በሰበረ ከፍታ ሞላ። የውቅያኖሱ ሙቀት በባለሙያ የሚታይ ነገር ነው። የእኛም ሚቲዎሮሎጂ የበጋውን ትንበያ ወቅቱ ሳይገባ ያወጣል። ችግሩ ትንበያው አዳራሽ ውስጥ ተነብቦ እዚያው መቅረቱ ነው። የላይ ጋይንት ገብስ በነዶ ላይ ሳለ ዝናቡ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪውና የቢሮ ሠራተኛው ለአጨዳ ዘመቻ ይወጣል። መልካም ነው፤ አልነቅፍም። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ወሩ ሳይገባ የምርት መሸፈኛ ሸራ ቀበሌው ድረስ ቢመጣ ይሻል ነበር።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ከላይ ያለው ሰው ነገር ነው። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ዶማውን ይዞ ወጥቶ በነጻ እርከን ይሠራል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ከተጀመረው ሴፍቲኔት ጋር የኖሩ ወረዳዎች ናቸው፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ለእነርሱ ተረት አይደለም። እንግዲህ ወደ ርብ በሚያዘነብለው የጉና ተዳፋት ላይ እህል የሚቸግረው ሰው የሠራው እርከን የሚያድነው ማንን ነው? የፎገራን ሩዝ፣ ከ230 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚይዘውን የርብ ግድብ፣ የከተማውን መብራት። «ተጠቃሚው ራሱ ገበሬው ነው» ይባላል። ሐሰት አይደለም፤ አፈሩ የእርሱ ነው። ግን እርከኑ ከጠባብ ማሳው ላይ ቦታ ይወስድበታል፤ ጥቅሙም ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው። የእርሱ ጥያቄ የዘንድሮው ሐምሌ ነው። ከመብራቱም ከመስኖውም ገቢ ጥቂት ተቆንጥሮ ወደ ጉና ቢመለስ ልመና አይሆንም፤ የሥራ ዋጋ ነው። ደግሞም እርከኑ ክፍያ ያለው ሥራ ቢሆን፣ በሪፖርት ላይ የተሠራው ኪሎ ሜትር መሬት ላይ መኖሩን የሚያጣራ ሰው ይገኝ ነበር።

እናንት የዜና ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሚቀጥለው ጎርፍ ሲመጣ «ድንገተኛ» ከማለታችሁ በፊት፣ ውሃ የገባበትን ሰው ይህ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ጠይቁልን። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገብታችሁ፣ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ምን እንደተሠራ ጠይቁ።