የሕሙማን ጠባይና የአንጎል ሆርሞኖች፦ የሃርት ሐሳብ ሲመዘን

የእንስሳት ሐኪሙ ቤንጃሚን ሃርት እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የታመመ እንስሳ መፍዘዙ፣ ምግብ መጥላቱና ገላውን ማጽዳት መተዉ የድካም ውጤት ብቻ ሳይሆን ሰውነት ተህዋስያንን የሚታገልበት ሥርዓት ነው ሲሉ ተከራክረዋል።

የአሠራሩ መንገድ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። የበሽታ መከላከያ ሴሎች የሚያመነጩት ኢንተርሉኪን-1 በደምና በቬገስ ነርቭ በኩል ለአንጎል መልእክት ያደርሳል። ሃይፖታላመስም የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ኮርቲኮትሮፒን አስለቃቂ ሆርሞንንም ያመነጫል። ይኸው ሆርሞን የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ በፒቱታሪ ዕጢ አማካይነትም ኮርቲሶል እንዲመነጭ ያደርጋል። ኮርቲሶል በተራው የብግነቱን ምላሽ ይገታል።

የጽሑፉ ትልቁ ብርታት የሕመምተኛን ጠባይ ከስንፍና ክስ ነፃ ማውጣቱ ነው። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በተለማማጅነቴ ዘመን አንድ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ምግቡን ሳይነካ ይውል ነበር። በካርዱ ላይ «ተባባሪ አይደለም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናቱ «ዶክተር፣ ልጄ እኮ እንዲህ አልነበረም» ቢሉኝም ልብ አላልኳቸውም። መድኃኒቱን በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ምግብ ራሱ ጠየቀ። የእኔ ጽሑፍ ግን ከካርዱ አልተፋቀም።

ይሁን እንጂ የሃርት ሐሳብ ድክመት አለው። እ.ኤ.አ. በ1975 ክሉገርና ባልደረቦቻቸው በባክቴሪያ የተለከፉ የበረሃ እንሽላሊቶች ሰውነታቸው ሲግል የመትረፍ ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳይተዋል። ይህን የመሰለው ማስረጃ የሚመለከተው በቀናት ውስጥ የሚለይለትን ሕመም ነው። ለወራት በሚዘልቅ ሕመም ግን ምግብ መጥላት ሥጋን ይጨርሳል እንጂ አይጠብቅም። ዳንዘርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳስገነዘቡትም፣ የመከላከያው ምላሽ ሳይበርድ ሲቀር ወደ ድባቴ ሊያመራ ይችላል።

ስለዚህ «የተፈጥሮ ጥበብ ነው» ብሎ ማለፍም እንደ «ተባባሪ አይደለም» ሁሉ ምርመራን ያስቀራል። የነቀርሳ ታካሚ ምግብ ሲጠላ ምክንያቱ መድኃኒቱ ጉበቱን ጎድቶት፣ ድባቴ ይዞት፣ ወይም ደግሞ የሚቀርብለት ምግብ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ሆርሞኖቹ ጠባዩ ከየት እንደሚመነጭ ይነግሩናል፤ ታካሚውን ቀርቦ የመጠየቅ ግዴታችንን ግን አያነሡልንም።