ክሮኖ ትሪገርን ደግሞ መጫወት

የጃፓኑ ስኩዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው የጌም ማጫወቻ ያወጣው «ክሮኖ ትሪገር» ከሚና ጨዋታዎች፣ ማለትም ተጫዋቹ በታሪኩ ውስጥ ያሉ ገጸ ባሕርያትን እየመራ ኃይላቸውን ደረጃ በደረጃ ከሚያሳድግባቸው የቪዲዮ ጌሞች የሚመደብ ሲሆን፣ ተጨርሶ እንደገና ሲጀመር ውበቱ ከማይደበዝዝ ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። «ኒው ጌም ፕላስ» የተሰኘውና የጨረሰ ሰው ያካበተውን ኃይልና መሣሪያ ይዞ ከመነሻው እንዲጀምር የሚፈቅደው ሥርዓት ስያሜውን ያገኘውም ከዚሁ ጨዋታ ነው።

ድጋሚውን ከሁሉ ይልቅ የሚያጣፍጠው ግን ሙዚቃው ነው። አብዛኛውን የደረሰው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረው ያሱኖሪ ሚትሱዳ ሲሆን፣ በሥራ ብዛት ታምሞ ሲተኛ የቀረውን ኖቡዎ ኡኤማትሱ አሟልቶለታል። ሱፐር ፋሚኮም በአንድ ጊዜ ከ8 ድምፆች በላይ ማሰማት የማይችል፣ ለድምፅ የተመደበለት ማኅደረ ትውስታም 64 ኪሎባይት ብቻ ስለነበር፣ ዜማው ራሱ ጠንካራ ካልሆነ የሚሸፍንለት ጌጥ አልነበረም፤ ምናልባትም የጥንካሬው ምስጢር ይኸው ጥበት ነው።

በጨዋታው ታሪክ ውስጥ ከደመና በላይ በተንሳፈፈው የዚል መንግሥት የሚሰማው፣ የሕንዱን ሲታር የሚያስታውሰው ዜማ ሙዚቃው ድጋሚውን ለማጣፈጡ ማስረጃ ነው። ለአዲስ ተጫዋች አስደናቂ ሀገርን የሚያስተዋውቅ ሲሆን፣ የመንግሥቱን መጥፋት አስቀድሞ ለሚያውቅ ተመላላሽ ግን ያው ዜማ፣ አንዲት ኖታ ሳትለወጥ፣ የስንብት ለቅሶ ይሆናል። ዚል የደረሰ ተጫዋች እንግዲህ አይቸኩል፤ መቆጣጠሪያውን አስቀምጦ ዜማው ዞሮ እስኪጀምር ያዳምጥ።